ዳጉ ሳትሰሙ ደናክል እንዳትገቡ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስለ ደናክል፣ ስለ አፋር በረሃ፣ ለአንድ የተጓዦች ቡድን የተናገርኩት ነው። ብዙ ሰው "ጻፈውና እናንብበው" ስላለኝ ከተቀዳው ድምፅ ላይ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት፣ አነጋገሬን ብዙም አልነካሁትም።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ፎቶ አምጣ ብላችሁኝ አምጥቻለሁ፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው የማሳያችሁ፣ ምክንያቱም የዳሎልን ፍል ውሃ ቢጫና አረንጓዴ አንዴ ካያችሁ ሁላችሁም "መቼ ነው የምንሄደው" ነው የምትሉት፣ እኔ ደግሞ ከዛ በፊት የምነግራችሁ ነገር አለኝ።

ሦስተኛው ጉዞዬ ላይ ነው። ከሐመድ ኤላ መንደር ተነስተን በአሳሌ የጨው ሜዳ ወደ ዳሎል እየሄድን ነው፣ ሁለት ላንድክሩዘር ነን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። በዛ ሰዓት መሬቱ ነጭ ነው፣ ሰማዩም ገና ነጭ ነው፣ የት ጋ እንደሚገናኙ አይታይም። ከሩቅ አንድ ሰው ሦስት ግመል እየጎተተ ሲመጣ አየን። መሪያችን የአገሩ ልጅ ነው፣ አፋር ነው፣ ሹፌሩን አቁም አለውና ወረደ። ሰውየውም ግመሎቹን አቆመ። ተጨባበጡ፣ አንዱ የአንዱን እጅ ሳመ፣ ከዛ ጨው ላይ ቁጢጥ አሉና ማውራት ጀመሩ። እኔ ሰላምታ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው ብዬ ነበር። አስር ሆነ፣ ሃያ ሆነ፣ ፀሐይዋ ወጣች፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ማድረግ ጀመረ። እነሱ ዞር ብለውም አላዩ። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ ሌላኛው "እም፣ እም" እያለ ይቀበላል፣ ሲጨርስ ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

ተመልሶ መኪና ውስጥ ገባና ለሹፌሩ "በቀኝ በኩል አንሄድም" አለው። በቃ ይሄን ብቻ። ለምን ስንለው ነው የነገረን፣ ከሁለት ቀን በፊት ደጋው ዘንቦ ጎርፍ ወርዷል፣ ውሃው ከጨው ስር ገብቷል፣ ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው፣ ትናንት አንድ ግመል እስከ ሆዷ ሰምጣ በገመድ ነው ጎትተው ያወጧት። ዞረን ሄድን፣ አንድ ሰዓት ያህል ጨመረብን፣ ደረስን።

ይሄ ነው ዳጉ የሚባለው። ዛሬ የመጣሁት ስለሱ ላወራችሁ ነው፣ እሳተ ገሞራውም ጨው ሜዳውም ከሱ በኋላ ይመጣሉ።

ለምን እንደዚህ አክርሬ እንደምናገር ላስረዳችሁ፣ የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ የሰመጠ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ያስጓዘን ድርጅት ወጪ ለመቀነስ ብሎ የአካባቢ መሪ አልያዘም ነበር፣ አንድ መኪና ብቻ፣ ስድስት ሰው። ሹፌሩ ጎበዝ ነው፣ መንገዱን ከዚህ በፊት ሄዶበታል፣ የጎማ ዱካ እያየ ነበር የሚነዳው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከስራችን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማን፣ ሸክላ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው አይነት፣ ከዛ የፊት ጎማው በቀስታ ወረደ። ስንወርድ ጨው ያልነው ቅርፊት ነው፣ ውፍረቱ አራት ጣት አይሞላም፣ ስሩ ጥቁር ጭቃ ነው፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ለማውጣት በታገልን ቁጥር እየሰመጠ ሄደ። ስልክ ኔትወርክ የለም። ጥላ ማለት የመኪናው ስር ብቻ ነው።

8 ሰዓት ላይ አብረውን ከነበሩት አንዷ የማይገናኝ ነገር ማውራት ጀመረች። እናቷን ትጠራለች፣ "በሩን ክፈቱልኝ" ትላለች። እጇን ስነካው ደረቅ ነው፣ ጠዋት ሲያልባት የነበረች ልጅ ላቧ ቆሟል፣ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይጋላል። ይሄን ምልክት እባካችሁ ያዙልኝ። ሰው በሙቀት ደክሞት ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው አንድ ነገር ነው፣ ማረፍና መጠጣት ነው፣ መቀባዠር ሲጀምር ግን ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶታል ማለት ነው፣ ላቡ ባይቆምም እንኳን፣ እና ያኔ መጀመሪያ የሚደረገው ማቀዝቀዝ ነው። ነጠላዋን አርሰን አንገቷ፣ ብብቷና ብሽሽቷ ላይ አደረግን፣ በካርቶን እያራገብን ተፈራረቅን፣ የቀረን ውሃ ሁለት ሊትር ነበር፣ ከሱ ነው ነጠላውን ያራስነው፣ ማንም አልተከራከረም።

ያዳኑን ጨው ቆራጮች ናቸው። ወደ 10 ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሰው ወደ ሐመድ ኤላ ሲመለሱ አይተውን መጡ፣ ሰባት ይሆናሉ። አንድም ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ ጊዜ አላጠፋም። ግመል ላይ የነበረውን ሰሌን አውርደው ከጎማው ስር አነጠፉ፣ በላዩ የጨው ሰሌዳ ደረደሩ፣ ጨው ለማንሳት የሚጠቀሙበትን ረጅም እንጨት ከመኪናው ስር ከተው ትከሻቸውን ሰጡ። ከውሃ ኮዳቸው መጀመሪያ ለልጅቷ ነው የሰጡት። ልጅቷ ተርፋለች፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ነች። የነሱን ስም ግን ሳልጠይቅ ነው የተለየሁት፣ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ከመካከላቸው አማርኛ የሚችለው አንዱ ሲሰናበተን "ጠዋት እኮ አጠገባችን ነው ያለፋችሁት፣ ለምን አልቆማችሁም?" አለን። በጠዋት አልፈናቸዋል፣ እውነት ነው። በመስኮት ፎቶ አንስተናቸው ነው ያለፍነው።

እሺ፣ ወደ ዳጉ ልመለስ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ይተዋወቁም አይተዋወቁም፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ይቆማሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ ከዛ አንዱ ካለፈው ዳጉ ወዲህ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፣ የት ዘነበ፣ የት ሳር አለ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ሞተ፣ የት ጋ ጠብ አለ፣ ምን አይነት እንግዳ ሰው አለፈ። ሰሚው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀበልም፣ "በአይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ?" ይላል። ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደሰማ ለይቶ ነው የሚያስተላልፈው። ውሸት ያስተላለፈ ሰው በጎሳው ይጠየቅበታል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው "እዛ ጋ ውሃ አለ" ብሎ ቢዋሽ ቤተሰብ ከነከብቱ ሊያልቅ ይችላል። እኛ ዛሬ ስልካችን ላይ የደረሰንን ሁሉ "ሼር" እያደረግን የምንኖር ሰዎች ነን፣ ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። እነሱ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማሽን፣ ምንጭን የሚያጣራ ሥርዓት ሠርተው ስንት ዘመን ኖረውበታል።

ድሮ የሄዱትም ታላላቅ የተባሉ ተጓዦች በዚሁ ነው ያለፉት። ኔስቢት የሚባለው የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ደናክልን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦታል፣ ከተከታዮቹ መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 እና 34 አዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው ብሎ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። አዋሽ እንደምታውቁት ባህር አይደርስም፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሄዶ እዛው በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ቴሲገር እዛ የደረሰው የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ስለፈቀዱለት ነው። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1875 በግብፅ ስም ጦር ይዞ የመጣው ሙንዚንገር አውሳ ላይ ነው ከብዙ ወታደሮቹ ጋር የጠፋው። አንዱ አስፈቅዶ ገባ፣ አንዱ ጠመንጃ ቀስሮ ገባ፣ በረሃው ያው አንድ በረሃ ነው።

አሁን ስለ መሬቱ ትንሽ ልበል፣ ይሄ ካልገባችሁ ሌላውም አይገባችሁም። ዳሎል አካባቢ ያለው ሜዳ ከባህር ወለል በታች ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ድሮ ቀይ ባህር እየገባ ይተኛበት ነበር፣ በዳር በዳሩ ስትሄዱ ዛሬም የባህር ኮራል ድንጋይ ሆኖ ታገኛላችሁ፣ እኔ በእጄ ይዤዋለሁ፣ በረሃ መሃል ቁጭ ብላችሁ የባህር እንስሳ ቤት መያዝ ማለት ነው። ባህሩ ሲቆረጥና ሲደርቅ ጨው ተወ፣ ያ ጨው ቦታ ቦታ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ከስሩ ደግሞ መሬት እየተለያየች ነው። ሦስት የመሬት ቅርፊቶች አፋር ላይ ነው የሚላቀቁት፣ በአመት የሚለያዩት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም አንዳንዴ ግን የተጠራቀመው በአንዴ ይፈነዳል። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በሚባለው ቦታ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተቀደደ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተለያየ። መጀመሪያ ያዩትና ለሌላው ያሰሙት እዛው ከብት ይጠብቁ የነበሩ አርብቶ አደሮች ናቸው።

ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 66 በተመዘገበው መሠረት የአመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች የሚበልጠው የለም ይባላል። አማካይ ነው ያልኳችሁ፣ ሌሊቱንም ክረምቱንም ጨምሮ። ከ45 በላይ የሚሆንበት ወር አለ፣ ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ካልሆነ አትሂዱ። ቀለሙ ከድኝና ከብረት ነው የሚመጣው፣ ፍል ውሃው ትኩስ ሲወጣ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነው፣ አየር ሲያገኘው ቢጫ፣ ከዛ ብርቱካንማ፣ ከዛ ቡናማ ይሆናል፣ ስለዚህ ቡናማው አሮጌ ነው፣ አረንጓዴው አዲስ ነው። አንዳንዱ ኩሬ ከመኪና ባትሪ አሲድ የማይተናነስ ነው። መሪው የረገጠበትን ብቻ ርገጡ። እዛው ቅርብ ጋኤታሌ የሚባል ቢጫ ውሃ አለ፣ ስትነኩት ዘይት ዘይት ይላል፣ በጨውነቱ በዓለም ላይ ከሚታወቁት አንደኛው ነው። ዳር ዳሩን የሞቱ ወፎች ታያላችሁ፣ ከስር የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል፣ ለፎቶ ብላችሁ ጎንበስ እንዳትሉ።

ጨው ቆራጮቹ ጋ ቆዩ። ይሄን የምለው ለኔ ከሁሉም የበለጠው እሱ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ በመጥረቢያ መስመር ያወጣሉ፣ ከዛ ረጃጅም እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ያስገቡና አምስት ስድስት ሆነው ባንድ ድምፅ ይጫኑታል፣ የጨው ሰሌዳው "ጧ" ብሎ ይነሳል። ሌላው ተቀብሎ ተቀምጦ ይጠርበዋል። አንዱን ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት፣ መለኪያ የለውም፣ በአይኑ ብቻ ነው፣ አራት ጎኑን ዙሮ ዙሮ ጠርቦ ከሌላው ላይ ሲያስቀምጠው በመካከላቸው ቢላ አይገባም። እጁ እንደ ተሰነጠቀ መሬት ሆኗል፣ ጨው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነጭ መስመር ሠርቷል። ያቺ አሞሌ እኮ ናት በዚህ አገር ገንዘብ ሆና ከአፋር እስከ ጎጃም ስትገበያይ የኖረችው። ዛሬም ግመል ይጭናታል፣ እየበዛ የመጣው አይሱዙ ቢሆንም፣ ቅፍለቱ በርሃሌ ድረስ ጎርፍ በሰነጠቀው ሸለቆ ነው የሚወጣው፣ የሸለቆው ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ማን እንደሚያስጠነቅቅ ነግሬአችኋለሁ።

ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሁላችሁም ቪዲዮ አይታችኋል። 613 ሜትር ነው፣ ተራራ ወጪ ለሆናችሁት ምንም አይደለም፣ በማታ ነው የሚወጣው፣ ቀን ድንጋዩ ራሱ ያቃጥላል። ረግጣችሁ የምትሄዱበት የቀዘቀዘ ላቫ ከላይ እንደ ብርጭቆ ስስ ነው፣ ይሰበራል፣ ሱሪያችሁ ወፍራም ይሁን፣ ጓንት ያዙ፣ ጭሱ በመጣ ጊዜ እርጥብ ጨርቅ አፍንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፋሱ ከሚነሳበት በኩል ዞራችሁ ቁሙ። የላቫ ሐይቁን አየዋለሁ ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ከመቶ አመት በላይ ሲንተከተክ የኖረ ሐይቅ ነው፣ ጥር 2009 ዓ.ም. ጎኑ ተሰንጥቆ ላቫው በሌላ በኩል ወጣና ሐይቁ ወረደ። ሐምሌ 2017 ደግሞ ፈነዳ። ከዛ ኅዳር 14 ቀን 2018 ማንም ያልጠበቀው ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ፣ ፈንድቶ እንደሚያውቅ የተመዘገበ ነገር የሌለው ተራራ፣ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ላይ፣ አልፎ እስከ ፓኪስታንና ህንድ ደረሰ፣ ህንድ ውስጥ በረራ ተሰረዘ። ዓለም ስለ አውሮፕላኑ ነው ያወራው። አፍዴራ አካባቢ ግን ሳሩ ላይ አመድ ወርዶ ፍየሉ የሚበላው አጣ። ልትሄዱ ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን፣ አሁን ሰዎቹ እንዴት ናቸው፣ እንግዳ መቀበል ይችላሉ ወይ፣ ውሃቸውን ልንሻማቸው ነው ወይ።

ስለ ጸጥታም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከዛ ወዲህ ያለ አጃቢ አይወጣም፣ ሰሜኑም ከጦርነቱ ወዲህ መንገዱ ተቀያይሯል፣ እኔ አሁን በሰመራ በኩል ነው የምገባው፣ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ፈቃድና አጃቢ ሰመራ ላይ ይጨረሳል። የአጃቢውን ሂሳብ አትከራከሩ።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 8 ሊትር እይዛለሁ፣ ለመጠጥ ብቻ፣ እና ከዛ በላይ ለሁለት ቀን መጠባበቂያ በሁለቱም መኪና ላይ ተከፋፍሎ፣ አንዱ መኪና ቢሰምጥ ሁሉም ውሃ አብሮ እንዳይሰምጥ። ውሃ ብቻ እየጠጣችሁ ምግብ ካልበላችሁ ደግሞ ደማችሁ ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና ሌላ ችግር ያመጣል፣ ስለዚህ ለምለም የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ያዙ፣ በየፋርማሲው አለ፣ ርካሽ ነው። ሽንታችሁ እንደ ጠላ ከጠቆረ አልጠጣችሁም ማለት ነው። አሸዋ ላይ ስትገቡ ጎማ አስተንፍሱ። አንድ መኪና ብቻ ይዞ የሚያስጓዛችሁ ድርጅት ካለ አመስግናችሁ ተዉት።

ውሃ ካልኩ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። መሬቱ እንፋሎት የሚተነፍስበት ቦታ አለ፣ እዛ ጋ አፋሮቹ በእንፋሎቱ ዙሪያ ድንጋይ ይከምራሉ፣ ከላይ በቅጠል ይሸፍኑታል። እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ እያለ ከስር ይጠራቀማል። አንዲት እናት ጣሳ ደቅናበት ተቀምጣ አገኘኋት፣ ቀና ብላ አየችኝና ለኔ ቀዳች። የድንጋይ ጣዕም አለው፣ ለብ ያለ ነው። እዛ ጣሳ ውስጥ ያለው ውሃ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አስቡት፣ ለማታውቀው ሰው ነው የሰጠችው። አንድ ጉንጭ ብቻ ወስጄ መለስኩላት፣ እሷ ግን እስክጨርሰው እጇን አልዘረጋችም።

መጨረሻ የሄድኩ ጊዜ አፍዴራ ሐይቅ ዳር፣ የጨው ውሃ ከሚተንበት ገንዳ አለፍ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ መሪያችንን አስቀመጡትና ዳጉ ጀመሩ። እኔም አሁን ልምድ ስላገኘሁ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ከመሪያችን ጋር ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ። መሪያችን አስተረጎመልኝ፣ "አንተም ከሩቅ ነው የመጣኸው፣ አንተ ደግሞ ንገረን" ነው ያሉት። ደጋው ዘንቧል ወይ? አዋሽ ሞልቷል ወይ? መንገድ ላይ ከብት ከሲታ ነው ወይስ ደህና ነው? ሚሌ ገበያ ፍየል ስንት ይሸጣል? 600 ኪሎ ሜትር በመስኮት እያየሁ መጥቻለሁ፣ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። አላየሁም አልኳቸው። "እም" አሉ፣ ዝም ብለው ጠበቁኝ፣ ምናልባት ይታወሰው ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ።

ከዛ ወዲህ ደብተር ይዤ ነው የምሄደው። አዋሽ ድልድይ ላይ ወርጄ ውሃው የት ጋ እንደደረሰ አያለሁ፣ ሚሌ ገበያ ገብቼ የፍየል ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ያየሁትን በአንድ በኩል፣ የሰማሁትን በሌላ በኩል እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ወር ነው የምንሄደው፣ አብራችሁኝ የምትመጡ ደብተር እንዳትረሱ። እሺ፣ አሁን መብራቱን አጥፉልኝና ፎቶዎቹን ላሳያችሁ።